መዝገቡን የከፈትን ዕለት

ጎንደር፣ ፒያሳ

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁብህ ቂም ይዤ አይደለም፤ መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ፣ በኋላም የምነግርህ ነገር አሳፍሮኝ ነው።

የቁጠባና ብድር ማኅበራችንን ሰብሳቢነት የተረከብሁት መንገዱ በሚዘጋጋበት፣ ከመተማ በኩል ሸቀጥ የሚያመጡ አባሎቻችን ሥራቸው ቆሞ ብድር መመለስ ባቃታቸው ወቅት ነበር። የሥራ አመራር ኮሚቴው ምክር «ቀኑ እስኪጠራ ብድር እናቁም፤ መዝገቡንም አንንካው» የሚል ነበር። እኔም ስድስት ወር ያህል ይህንኑ ጥንቃቄ ነው ብዬ ተቀበልሁ። ነገሩ ግን ፍርሃት ነበር፤ መዝገቡ ቢነበብ ለኮሚቴ አባል ዘመድ ያለ ዋስ የተሰጠ፣ የእኔም ፊርማ ያረፈበት ብድር እንደሚገኝ አውቅ ነበርና።

ያነቃኝ ሥልጠና እንዳይመስልህ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ አንድ ቢሮ ሳለን የመጣውን ቢፒአር የተባለውን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአሠራር ለውጥ ታስታውሳለህ፤ ግድግዳው ፈርሶ፣ የሥራ መደቡ ስም ሁሉ ተቀይሮ፣ ባለጉዳዩ ግን ያው «ነገ ተመለስ» ይባል ነበር (ከሚሉትም አንዱ እኔ ነበርሁ)። ያነቃችኝ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ አባላችን ናት። ጠርዙ የተበላ የቁጠባ ደብተሯን ከመሀረብ ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና፣ «ገንዘቤ አለ ወይ አላልሁህም፤ ማን ጋ እንዳለ ንገረኝ» አለችኝ።

ጠቅላላ ጉባኤ ጠራሁ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አንድ አባል አንድ ድምፅ ነውና፣ ብዙ ዕጣ የገዛው ነጋዴም ሆነ ያች ሴት ድምፃቸው እኩል ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርሁበትን ገጽ ከራሴ ፊርማ ጀምሬ አነበብሁ። ድምፄ ሲያንስ አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ጮክ በል፣ አይሰማም!» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይቀል ነበር፤ መንገድ መዘጋት ላሰናከላቸው ተበዳሪዎች የመክፈያ ጊዜ ተራዘመ፣ ብድር ኮሚቴውም ከየገበያው በተመረጡ ሰዎች ተሟላ፣ ሒሳቡ ኢንተርኔት ቢጠፋ እንዳይቆም በወረቀትም ይያዛል። ሁለት የኮሚቴ አባላት ለቀቁ። አንደኛው አበልጄ ነው፤ እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጠኝም፣ ቤቱን አልፌ ስሄድ አሁንም ያመኛል።

አንተ የሒሳብ ሰው ነህ። የመዝገቡን ቅጂ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁና፣ እኔ ያለፍሁት ስሕተት ካገኘህበት ሳትራራ አስምርበት።

ወንድምህ