ሕጉን ረቂቅ እያለ አሳዩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። መንገዱ ሲከፈት ጋዜጣችሁን ዘግይቶም ቢሆን እናገኛለን፣ ሲዘጋ ደግሞ ኔትወርክ ካለ ልጆቹ በቴሌግራም ስክሪንሾት ይልኩልናል፣ ብቻ ሳናነብ አንቀርም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ክልላችን ስለ አማራ ክልል ምክር ቤት ነው፣ ቅሬታም ጥያቄም አለኝ።

ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቁጥር የምናነበው ዜና "ረቂቅ አዋጁን ተወያይቶ አጸደቀ" የሚል ነው። ጸደቀ ከተባለ እኮ አለቀ፣ ከዛ በኋላ ብንናገር ማን ይሰማናል? ረቂቁ መቼ ቀረበ፣ ምን ይል ነበር፣ የትኛው ኮሚቴ አየው፣ የኛ ተወካይ ምን አለ፣ እጁን አወጣ አላወጣ፣ ይኼ ሁሉ ሳይነገረን ሕጉ ብቻ ቀበሌ ድረስ ይወርድና "እንግዲህ መመሪያ ነው" እንባላለን። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው፣ ሕጉን ገና ረቂቅ እያለ አሳዩን።

ለምን እንደምል ልንገራችሁ። እኔ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። በቅርቡ ስብሰባ ላይ መዋጮው ተሰብስቦ ሰዉ ሲጫወት የንብረት ታክስ ወሬ ተነሳ። እንደምታውቁት በ2017 የፌዴራሉ ፓርላማ የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል፣ ዝርዝሩ ግን ክልሎች በሚያወጡት ሕግ ነው የሚታየው። አንድ ጡረተኛ "ቤቴን የሠራሁት ዕድሜ ልኬን አጠራቅሜ ነው፣ አሁን የጡረታ ብር ይዤ ስንት ክፈል ሊሉኝ ነው?" አሉ። አንዲት እናት ደግሞ "ባሏ ለሞተባት፣ ልጅ ለምታሳድግ ቅናሽ አለው ወይ?" ብለው ጠየቁ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው፣ ሕግ አውጪ ፊት ቢቀርብ እኮ መልስ የሚያሳጣ ነው። እኔም "ይኼን የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት ነው፣ እዛ ያለው ተወካያችን ማነው?" አልኩ። አንዱ ከንቲባውን ጠራ፣ ሌላው የዞን አስተዳዳሪውን፣ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፌስቡክ ላይ ሲፈልግ ቆየና ያገኘው የፌዴራሉን ተወካይ ነው። ያን ያህል ሰው ተቀምጦ የክልል ተወካዩን ስም የሚያውቅ ጠፋ። እነዚህ ግን ግዴለሽ ሰዎች አይደሉም፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ካርዳቸውን ይዘው ተሰልፈው የመረጡ ናቸው። የመረጡትን ሰው ከዛ ቀን በኋላ ማንም አላስተዋወቃቸውም፣ ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

ምክር ቤቱ እኮ ቀላል ነገር አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል እሱ ነው፣ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው እሱ፣ የቢሮ ኃላፊዎችን ሹመት የሚያጸድቀው እሱ፣ ዳኞችን የሚሾመው እሱ፣ ባጀቱን የሚያጸድቀው እሱ ነው። ገበሬው በየዓመቱ የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር በክልል ሕግ ነው የሚወሰነው። የመሬት ደብተራችን ላይ ያለን መብት፣ ማከራየቱም፣ ማውረሱም፣ ደብተሩን አስይዞ መበደሩም፣ የፌዴራል ሕግ ከላይ ቢኖርም ዝርዝሩ ያለው የክልሉ አዋጅ ላይ ነው፣ በ2009 የወጣው 252 ቁጥር ማለቴ ነው። በ2016 ደግሞ ፌዴራሉ አዲስ የገጠር መሬት አዋጅ አውጥቷል፣ ቁጥሩ 1324 ነው፣ የክልል ሕግ ደግሞ ከሱ ጋር መጣጣም አለበት። ይኼ ሁሉ ሲሆን ገበሬው የት ነው ያለው? የክልሉ ምክር ቤት መቀመጫ 294 ነው፣ ለፌዴራሉ ፓርላማ ክልላችን የሚልከው ግን 138 ሰው ነው፣ እንግዲህ በቁጥርም ቢሆን ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚደናገርበት ዞን ነው። አቤቱታ ያለው ሁሉ ዞን ይሮጣል። ምሥራቅ ጎጃምም ሆነ ምዕራብ ጎጃም ዞን እኮ እኛ የመረጥነው ምክር ቤት የለውም፣ የክልሉ አስተዳደር ክንፍ ነው። የራሳቸው የዞን ምክር ቤት ያላቸው እንደ አዊ ያሉት የብሔረሰብ አስተዳደሮች ናቸው፣ እንጅባራ ላይ ማለት ነው። ለኛ ግን ቀበሌ ምክር ቤት አለ፣ ወረዳ ምክር ቤት አለ፣ ከዛ ቀጥሎ ባሕር ዳር ነው። ሕግ ይስተካከል የሚል ሰው ዞን በር ላይ ቢውል ቀኑን ነው የሚያጠፋው።

ጎጃም ደግሞ ሳይማከር ሕግ ሲወጣበት ምን እንደሚመጣ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በንጉሡ ፓርላማ አልፎ ሲመጣ ገበሬው "መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው" ብሎ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ዳሞት ተነሳ፣ ጦር ዘመተበት፣ ከአውሮፕላን ቦምብ ተጣለበት፣ ስንት ሰው አለቀ፣ ከዛ ሁሉ በኋላ ነው ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ የተነሱትና ውዝፉ ግብር የተማረው። በ1989 ደግሞ ይኼው የክልላችን ምክር ቤት ባወጣው አዋጅ መሬት እንደገና ተደለደለ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ወይ ኮሚቴ የነበረ "ቢሮክራት" ተብሎ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ብዙ ሰው ሕጉን ያወቀው መሬቱ ላይ መለኪያ ገመድ ሲዘረጋ ነው። አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የወጡ ገበሬዎች ነበሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ድምፃቸውን አሰምተውላቸዋል፣ ግን መሬቱ ተከፋፍሎ አልቋል። መሬት ያገኘ ወጣት ነበር፣ ያጣ አባት ነበር፣ ቂሙ በየመንደሩ እስከ ዛሬ አለ። ድልድሉ መሆን አልነበረበትም እያልኩ አይደለም፣ መሬት አልባ የነበሩትም ወንድሞቻችን ናቸው። የምለው ረቂቁ ገበሬው ፊት ቀድሞ ተነቦ ቢሆን "ይችን ቢሮክራት የምትል ነገር አውጡልን፣ ጎረቤት ከጎረቤት ታጣላናለች" የሚል ሽማግሌ አይጠፋም ነበር ነው። የኛ ዕድር እንኳ መተዳደሪያ ደንቡን ሲቀይር ለአባላት ይነበባል፣ ሰው ቤቱ ሄዶ ያስብበታል፣ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይከራከራል፣ ከዛ ነው የሚፈረመው፣ ለመሬትና ለግብር ሕግ ይኼ እንዴት ይነፈገናል?

የሚመጣብኝን መልስ አውቃለሁ። "ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም የፓርቲ ሰው ነው፣ ካቢኔው ላመጣው እጅ ማውጣት ነው ሥራው" ይሉኛል። ይኼ ከሜዳ የመጣ አባባል አይደለም፣ በ2007ቱ ምርጫ 294ቱም መቀመጫ የአንድ ፓርቲ ነበር፣ በ2013ም አብላጫውን የያዘው ገዢው ፓርቲ ነው። ግን ተወካዩ አብዛኛውን ጊዜ በየወረዳው የራሱ መደበኛ ሥራ ያለው ሰው ነው፣ ጉባዔ ሲጠራ ሄዶ ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያን ታገኙታላችሁ፣ ለቅሶ ቤት ታገኙታላችሁ። ማንም ምንም ስላልሰጠው ባዶ እጁን ይሄዳል። ብዙ ሰው የፈረመበት ወረቀት ቦርሳው ውስጥ ካለ ግን ቢያንስ "መራጮቼ እንዲህ ይላሉ" ብሎ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል፣ ዝም ካለም ሲመለስ "የሰጠንህ ወረቀት የት ደረሰ?" እንለዋለን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት ይችላል ተብሎ ተጽፏል፣ እኔ ግን መነሳቱ ቀርቶ ሲጠየቅ ማየቱ ይበቃኝ ነበር።

ደግሞ "በዚህ ጊዜ ስለ ረቂቅ ሕግ ማውራት ምን ይባላል?" የሚሉኝ አሉ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ጎጃም ያለበትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጅ ቤት የዋለበት፣ ሰው ወጥቶ እስኪገባ የሚያስጨንቅበት ጊዜ ነው ያየነው፣ ሰው መሰብሰብ ራሱ ያስፈራል፣ እኔም እፈራለሁ። ግን ምክር ቤቱ እኮ በዚህም መሐል እየተሰበሰበ ባጀት ያጸድቃል፣ ሕግ ያወጣል። እኛ እስኪረጋጋ ብለን ዝም ስንል ሕጉ አይጠብቀንም። የሰላሙን ጉዳይም ቢሆን ተወካዮቻችን ጉባዔው ላይ ቆመው እንዲናገሩልን የምንጠይቀው በዚሁ መንገድ ነው፣ ከዚህ የቀለለ መንገድ እኔ አልታየኝም።

እንዴት ነው የሚጠየቀው ለሚል ወገኔ በጸሐፊነቴ የማውቀውን ልናገር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጠናል፣ ስለዚህ ልመና አይደለም። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፣ ጉዳዩም አንድ ብቻ፣ አምስት ብሶት የታጨቀበት ደብዳቤ ለየትኛው ክፍል እንደሚመራ ስለማይታወቅ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ለምክር ቤቱ አፈ ጉባዔ ጽሕፈት ቤት ይጻፍ፣ ግልባጭ ጉዳዩን ለሚያየው ቋሚ ኮሚቴ፣ ግልባጭ ለተወካያችን። ስም፣ ቀበሌ፣ ፊርማ ይኑረው፣ ዕድር ወይ ማኅበር ከሆነ ቃለ ጉባዔው ይያያዝ። ፎቶ ኮፒ አስቀሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ገቢ አስደርጉት፣ እጃችሁ ላይ በሚቀረው ኮፒ ገቢ ቁጥሩንና ቀኑን አስጽፋችሁ ማህተም አስመቱበት። ያ ቁጥር ከሌለ መልሱ "አልደረሰንም" ነው፣ ቁጥሩ ካለ ግን ፋይሉን አምጡ ማለት ይቻላል። መረጃ ለመጠየቅም ሕግ አለ፣ አዋጅ 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል፣ ከከለከሉ አቤት የሚባለው ለእንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

ባሕር ዳር የራቀው ሰው ከወረዳው ይጀምር። የባጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሐምሌ ላይ ከመጮህ ግንቦትና ሰኔ ላይ መጠየቅ ይሻላል። የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የባጀት ሠንጠረዥ አለ፣ ለትምህርት ይኼን ያህል፣ ለጤና ይኼን ያህል፣ ለግብርና ይኼን ያህል የሚል። አንድ ቀን ቆሜ ሳነበው ሰዉ ከጎኑ እየገባ እየወጣ ዞር ብሎ ያየው የለም። ደመወዝ የሚለው ረድፍ አብዛኛውን ገንዘብ ይወስደዋል፣ ሥራ ማስኬጃ የሚለው ጋ ስትደርሱ ነው ጤና ጣቢያው ለምን ጓንት እንደሚያጣ የሚገባችሁ። ለዚያ ረድፍ ትንሽ ጨምሩ ብሎ ለወረዳው ምክር ቤት መጻፍ እኮ ፖለቲከኛ መሆን አይጠይቅም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። አንድ ገጽ ስጡንና የተወካዮቻችንን ስም በየምርጫ ክልሉ አውጡልን፣ ሰው ቆርጦ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ከጉባዔው በፊት አጀንዳውን ንገሩን። ትልቅ ረቂቅ ሲኖር ደግሞ አርሶ አደር በሚገባው አማርኛ ጠቅለል አድርጋችሁ ጻፉት፣ ማን ይከፍላል፣ ስንት ይከፍላል፣ ማን ያጣል፣ ማን ያገኛል፣ ይኼን ብቻ። ጸድቆ ሲያልቅ ዝክረ ሕግ በሚባለው የክልሉ ሕግ ጋዜጣ ላይ እንደሚታተም አውቃለሁ፣ ግን ቢቡኝ ወይ እነብሴ ላለ ገበሬ ዝክረ ሕግ ማን ጋ አለ? የእናንተ ጋዜጣ ግን ሰንበቴ ላይ ይነበባል፣ አንዱ ያነባል ሌላው ይሰማል። ተወካዮችም ለአንባቢ ጥያቄ መልስ የሚሰጡበት ዓምድ ቢኖር መልካም ነው፣ መልስ ያልሰጠውንም አልመለሰም ብላችሁ ጻፉ።

እኛ በበኩላችን የንብረት ታክሱን ጉዳይ ጀምረናል። አንድ ቤት ብቻ ያለው ጡረተኛ እንዴት ይታያል፣ ባሏ የሞተባት እናትስ፣ ቤቱን ራሱ የሚኖርበትና የሚያከራየውስ እኩል ነው ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ጽፈን ፊርማ እያሰባሰብን ነው፣ ሌሎች ዕድሮችም እየጠየቁን ነው። ባሕር ዳር ገቢ ስናደርገው ግልባጩን ለእናንተም እንልካለን፣ ከነገቢ ቁጥሩ አውጡልን፣ መልስ ሲመጣም መልሱን ጨምሩበት።

አክባሪያችሁ
የዕድር ጸሐፊ፣ ከደብረ ማርቆስ