ናሙና ሳይመረመር አልትራሳውንድ አይሰጥ

ይድረስ ለሕክምና መሣሪያዎች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት

ክቡር ኃላፊ፣

የማኅፀንና የቆዳ ሐኪሞች ነን። የምንጽፍልዎ በሴት ብልት ውጫዊ ቆዳ ላይ ለሚወጡ ካንሰር ያልሆኑ ሕመሞች፣ በተለይ ለሊከን ስክሌሮሰስ (ቆዳውን ለሚያነጣና ለሚያሳክክ የቆየ ሕመም)፣ ስለሚውለው የድምፅ ሞገድን በአንድ ነጥብ ላይ አተኩሮ በሙቀት የሚያክም አልትራሳውንድ ነው። መሣሪያው ይከልከል አንልም። የቆዳ ናሙና ሳይመረመርና ለሕመሙ የሚታዘዘው ቅባት በወጉ ሳይሞከር ግን ለማንም እንዳይሰጥ ፈቃዱ ላይ ይጻፍልን።

የነጣና የሚያሳክክ ቆዳ ሁሉ ሊከን ስክሌሮሰስ አይደለም። ወደ ካንሰር የሚያመራ ለውጥ፣ ጀማሪ ካንሰርም ጭምር፣ በዓይን ሲታይ ሊመስለው ይችላል። ናሙናው ከወፈረው፣ ከሻከረው ወይም ከቆሰለው ቦታ ይወሰድ፤ ውጤቱ ሳይደርስ ቀጠሮ አይያዝ።

ቅባቱ 0.05 በመቶ ክሎቤታሶል፣ ማለትም ብግነት የሚያስታግስ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። በተለመደው አሰጣጥ መጀመሪያው ወር በየማታው፣ ሁለተኛው አንድ ማታ እየተዘለለ፣ ሦስተኛው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀባል። ለሦስቱም ወር 30 ግራም ቱቦ ይበቃል። በሦስት ወር ውስጥ ቱቦው ብዙም ካልጎደለ «መድኃኒቱ አልሠራም» ከማለት በፊት ተቀብቶ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በማሸጊያው ወረቀት ላይ ብልት አካባቢ እንዳይቀባ የሚል ማስጠንቀቂያ አንብበው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። ለማኅፀን ዕጢ የሚውለው አልትራሳውንድ 1 ሜጋኸርዝ (በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ንዝረት) አካባቢ ስለሆነ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለቆዳ የሚሆነው ከ9 እስከ 10 ሜጋኸርዝ ገደማ ሲሆን ትኩረቱ ከቆዳው በታች ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ያርፋል። ሁለቱን በአንድ ፈቃድ ማስገባት ስሕተት ነው። በተለምዶ ከ3.5 እስከ 4.5 ዋት ይሰጣል፤ የመሣሪያው ራስም በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ሳይቆም ይንቀሳቀሳል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። እጅ አንድ ቦታ ላይ ከዘገየ ቆዳው ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያም ይቆስላል። በመሣሪያው ራስና በቆዳው መካከል በሚቀባው ጄል ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ሞገዱ ከአረፋው ተመልሶ ሙቀቱ ላዩን ያቃጥላል። ስለዚህ ጸጉሩ ይላጭ፣ ጄሉም በርከት ይበል። ቂንጥር አካባቢና ውስጠኛው ከንፈር ቆዳቸው ስስ ነውና ኃይሉ ይቀነስ። ማደንዘዣ የወሰደች ሴት ሲያቃጥላት አይሰማትም፤ የባለሙያው ዓይን ከቆዳው መነሳት የለበትም።

የተጣበቀ ከንፈር በዚህ ሕክምና አይላቀቅም፤ ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል። «ያድሳል» የሚለው ማስታወቂያ ግን ይህን አይናገርም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 በሌዘርና በሬዲዮ ሞገድ መሣሪያዎች ላይ ያወጣው ማስጠንቀቂያ በዚሁ ዓይነት ማስታወቂያ የተነሳ ነበር።

እያንዳንዱ ቃጠሎና ያገረሸ ሕመም በቅጽ ተሞልቶ ለመሥሪያ ቤትዎ ይላክ። ቅጹ የተሰጠውን ዋት፣ የፈጀውን ደቂቃና የታከመውን ቦታ ንድፍ ይያዝ። የታከመችው ሴትም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ትመርመር።

ከአክብሮት ጋር