«ዓመል ነው፣ አይለቃትም» ላላችሁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን ማንበብ ከአባቴ የወረስኩት ልማድ ነው። ቅዳሜ ቡና እስኪፈላ የምጀምረው ከምክር ዓምዱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ባል ስለ ሚስቱ የጻፈላችሁን ሳነብ ግን ስኒውን አስቀመጥኩት። ጠዋት «ያላንተ መኖር አልችልም» ትለኛለች፣ ስልክ ካላነሳሁ ማታ «ጠላቴ ነህ» ትለኛለች፣ ከዚያ አልቅሳ ይቅርታ ትጠይቀኛለች ይላል። እናንተ ደግሞ «ዓመል ነው፣ አይለቃትም፣ ሳትወልዱ ቁርጥህን እወቅ» ብላችሁ መለሳችሁለት።

ሴትዮዋን አላውቃትም፣ ምን እንዳለባትም በሩቅ ሆኜ አልናገርም። ግን ልክ እንዲህ የምትሆን እህት አለችኝ። እሷም አነበበችው። ጋዜጣውን አጣጥፋ መለሰችልኝና «አየሽ፣ አይለቀኝም» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያች ቃል ብዬ ነው።

እህቴ 27 ዓመቷ ነው። ስሟ እንዳይወጣ ብቻ ጠይቃኝ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ልጅ ሆና ሰፈሩ በሙሉ «ሆደ ባሻ» ነበር የሚላት። እኛም ከሰፈሩ አልተሻልንም፤ ቀበጥ፣ ሞልቃቃ፣ ሰው እንዲያያት ብላ ነው እያልን አሳደግናት። በ19 ዓመቷ ራሷን መጉዳት ጀመረች። ያወቅነው በጠራራ ፀሐይ እጅጌዬን አልሰበስብም ስትል ነው። ጸበል ወሰድናት፣ ሐኪም ቤትም ወሰድናት። መጀመሪያ ባይፖላር (ስሜት በጣም ከፍ፣ በጣም ዝቅ የሚልበት ሕመም) ተባለ፣ ሁለት ዓመት መድኃኒት ዋጠች፣ ያው ሆነች። በመጨረሻ አንዲት የአእምሮ ሐኪም ሳትቸኩል አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማቻትና ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር የሚባል ሕመም እንደሆነ ነገረችን።

ስሙ ራሱ ግራ ያጋባል። «ቦርደርላይን» ድንበር ላይ ያለ እንደማለት ነው። አዶልፍ ስተርን የተባለ ሐኪም በ1938 እ.ኤ.አ. ሲጽፍበት፣ በዚያ ዘመን ከሚታወቁት ሁለት የሕመም ዓይነቶች ወደ አንዱም የማይገቡ፣ መሐል ላይ የቆሙ የመሰሉትን ሰዎች ለመጥራት ነበር። ያ አከፋፈል ዛሬ ቀርቷል፣ ስሙ ግን እንዳለ ነው። ሐኪሞች 9 ምልክቶችን ያያሉ፣ ቢያንስ 5ቱ ሲኖሩ ነው ሕመሙ አለ የሚባለው። ከ100 አዋቂ ሰዎች ከ1 እስከ 2 የሚሆኑት አለባቸው ይባላል። ወንዶችም ላይ አለ፤ እነሱን ግን «ቁጡ ነው» ብለን ነው የምናልፋቸው።

9ኙን እዚህ አልደረድርም። ቤታችን ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼው ነበር። ስወጣ 14 ሚስኮል አገኘሁ። መልእክቶቹን በተራ አነበብኳቸው። «እታለም ምሳ በላሽ?» «ምነው?» «አስቀይሜሽ ነው?» «ገባኝ፣ አንቺም ሰለቸሁሽ።» «በቃ፣ እህት የለኝም።» ከዚያ ብሎክ አደረገችኝ። ይህ ሁሉ በ50 ደቂቃ ውስጥ ነው። ቤት ስደርስ ባዶ እግሯን በሩ ላይ ቆማለች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «የሞትሽ መስሎኝ» አለችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚፈሩት መተውን ነው። እኛ «ትንሽ ነገር» የምንለው፣ የዘገየ መልስም ይሁን የተለወጠ ፊት፣ ለእነሱ ሰው ጥሏቸው ሲሄድ ነው። ሐኪሟ ቆዳው እንደተላጠ ሰው አስቢያት ብላኛለች። ሌላውን ነካ ብቻ የሚያደርገው ነገር እሷን ያቃጥላታል። ባይፖላር ላይ ስሜቱ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቆያል፣ እህቴ ግን በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ትለዋወጣለች። ሁለቱ የሚምታቱትም ለዚህ ነው።

ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የተማርኩት እንዲህ ነው። አንዳንዱ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ስሜቱ ስስ ነው። ዙሪያው ደግሞ ያን ስሜት ሲያጣጥልበት ይብሳል። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ጥቃት የደረሰባቸው ናቸው፣ ሁሉም ግን አይደሉም። እናቴን ለመክሰስ አይደለም፣ በፍቅር ነው ያሳደገችን። «ምንም አይደል፣ ይህ ምኑ ያስለቅሳል?» ስትላት ለማጽናናት ነበር። እህቴ ግን የምትሰማው «የሚያምሽ ውሸት ነው» የሚለውን ነበር። ይህን ስትነግረን እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፍና ብዙ ቆየች።

አሁን መጀመሪያ የምላት «ስታጪኝ ፈራሽ አይደል?» ነው። ስብሰባው፣ ስልኩ፣ ምክንያቱ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስሜትሽ ገባኝ ማለት ልክ ነሽ ማለት አይደለም፣ ይህን ለመለየት እኔም ዓመት ፈጅቶብኛል። በጣም ሲብስባት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አደርጋለሁ፣ ትንፋሿን ይዛ ለትንሽ ሴኮንዶች ፊቷን ትነክራለች። የልብ ምቷን ቀስ ያደርግላታል። (የልብ ሕመም ያለበት ሐኪም ሳይጠይቅ አይሞክረው።) ስልክ የማላነሳ ከሆነ ደግሞ አስቀድሜ «ከ8 እስከ 10 ሰዓት አልገኝም፣ 10 ከሩብ ላይ እደውላለሁ» እላታለሁ። 10 ከሩብ ሲል እደውላለሁ። ስድብ ከተጀመረ ግን መቼ እንደምመለስ ነግሬያት ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ፤ ሕመሙ ስድብን ትክክል አያደርገውም። እኔም ይደክመኛል፣ አልዋሽም። አንዳንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አልቅሼ ነው ቤት የምገባው።

ይህ ሁሉ ከኔ የመጣ አይደለም። ማርሻ ሊንሃን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ የሚባል ሕክምና አዘጋጀች፣ የመጀመሪያው ጥናቷም በ1991 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሕክምናው ውስጥ በየሳምንቱ ከባለሙያ ጋር መነጋገር፣ በቡድን መማር፣ በጭንቅ ሰዓት ደውሎ ምክር ማግኘት አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊንሃን ራሷ በ17 ዓመቷ ሆስፒታል ገብታ ከሁለት ዓመት በላይ እንደቆየች፣ ራሷንም ትጎዳ እንደነበር በአደባባይ ተናገረች። እህቴ ይህን የሰማች ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ለዚህ ሕመም ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። መድኃኒቱ አብሮ ለሚመጣ ድብርት ወይም ጭንቀት ሊረዳ ይችላል፣ ዋናው ሕክምና ግን ንግግሩና ልምምዱ ነው። ሙሉውን ሕክምና የሚሰጥ ቦታ እኛ ፈልገን አላገኘንም፤ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ በሳምንት አንድ ቀን የምትችለውን ታስተምራታለች።

«አይለቃትም» ላላችሁት ደግሞ ይኸው። ማክሊን በሚባለው የአሜሪካ ሆስፒታል ይህ ሕመም ያለባቸውን 290 ታካሚዎች ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። በ10 ዓመት ውስጥ ከ10ሩ 9ኙ ያህል ቢያንስ ለ2 ዓመት ምልክቶቹ ጠፍተውላቸዋል። ሥራውንም ማኅበራዊ ኑሮውንም በደንብ የያዙት ግማሽ ያህሉ ናቸው፣ ይህንንም አልደብቅም። ለእኛ ቤት ግማሽ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በትልቁ ጻፉልኝ። እንዲህ ያለ ሰው «እሞታለሁ» ሲል ማስፈራሪያ ነው ብላችሁ አትለፉት። «ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም። ብቻዋን አትተዋት፣ ይዛችኋት ወደ ሕክምና ሂዱ፤ አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፣ ሌላ ቦታ ያላችሁ ቅርባችሁ ያለው ሆስፒታል ሂዱ።

ባልየው መለያየት ይችላል፣ የራሱ ሕይወት ነው። ግን አንድ የአእምሮ ሐኪም ጋብዛችሁ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ገጽ እንደገና መልሱለት። እህቴ ያንን ዓምድ ቆርጣ ማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ አስቀምጣዋለች። አዲሱ ሲወጣ በላዩ ላይ የምለጥፍበትን ሙጫ ገዝቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ።

እህቷ፣ ከአዲስ አበባ