የገና በዓልና የአልጋ ዋጋ

ለክቡር አዘጋጅ፣

በዓል በመጣ ቁጥር ጋዜጣችሁ የበሬውን፣ የዶሮውንና የቅቤውን ዋጋ ይነግረናል። ደግ ነው፤ እኔም መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። የአልጋ ዋጋ ግን ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ጅማ ውስጥ ትንሽ አልጋ ቤት አለችኝና እኔው ልጻፈው።

ታኅሣሥ እዚህ የቡና ወቅት ነው። ነጋዴው፣ ደላላው፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ ከተማውን ይሞላዋል። በዓሉ ሲደረብበት አልጋ ይወደዳል። አቅም ያለው ሳይከራከር ይከፍላል። የሌለው ዋጋ ጠይቆ፣ «እሺ፣ እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። አይመለስም። ብዙዎቹ አስታማሚዎች ናቸው። ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከኢሉባቦር በሽተኛ ይዘው ይመጣሉ። የያዙት ብር በምርመራና በመድኃኒት ያልቃል። ማታ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ያድራሉ። የጅማን የታኅሣሥ ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል።

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው» ይላል። ይቺ ስትነበብ ሁሉም ዞሮ እኔን የሚያየኝ ይመስለኛል። ማርያምና ዮሴፍ ለሕዝብ ቆጠራ ከናዝሬት ቤተልሔም የመጡ መንገደኞች ነበሩ። ስለ ማደሪያው ባለቤት ወንጌሉ ምንም አይልም፤ ክፉ ነበር አይልም። ቤቱ ሞልቶበት ይሆናል። የእኛም ይሞላል። ጌታ ግን በማቴዎስ ምዕራፍ 25 «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ነው ያለው፤ ሞልቶ ነበር ወይ ብሎ አልጠየቀም።

ከኅዳር 15 ጀምሮ እንጾማለን። አባቶቻችን ከጾም የተረፈው ለድሃ ነው ይሉን ነበር። ዛሬ የተረፈው ለቅርጫ ይጠራቀማል። ቅርጫውን አልጠላሁም፣ እኔም መደብ አለኝ። ግን ለገና የሚቸገር ሰው ከሥጋም በፊት ማደሪያ ያስፈልገዋል።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይኸው ነው። ከታኅሣሥ 28 ማታ ጀምሮ ለሁለት ሌሊት እያንዳንዳችን አንዲት ክፍል ለአስታማሚ በነፃ እንተው። አንዱ ባለ አልጋ ቤት ይህን ስነግረው «በደራ ገበያ!» ብሎ ሳቀብኝ። ገበያው ሲቀዘቅዝማ ክፍሉ ባዶውን ነው የሚያድረው፣ ምኑ ስጦታ ይሆናል? ደግሞ ሽንት ቤት አጠገብ ያለችውን፣ ማንም የማይከራያትን ክፍል አይደለም የምለው። ግርግሙንማ ያኔም ሰጥተዋል።

ሙስሊም ጎረቤቴ በረመዳን ለእንግዶቼ ሾርባና ተምር ትልካለች። እንግዳው የማን ወገን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም። እኛ ለገና ከዚህ ማነስ የለብንም።

ማን ማደሪያ እንዳጣ ለማወቅ ኮሚቴ አያስፈልግም። ሆስፒታል በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። ክፍል መተው ያልቻለ ደግሞ ቢያንስ የዚያን ሌሊት ዋጋ አይጨምር።

ባለ አልጋ ቤቷ፣
ከጅማ