በአንድ ፍሪዘር አትተማመኚ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣

ወንድምሽ ትናንት ደውሎ ሳልሽ እንዳልለቀቀሽ፣ አንቺም ከላብራቶሪ እንደማትወጪ ነገረኝ። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ያን ከጥልቅ ባሕር ደለል ያገኘሽውን ባክቴሪያ አንድ ፍሪዘር ውስጥ ብቻ አስቀምጠሽ፣ አዲስ ዝርያ ነው የሚለውን ጽሑፍሽን ለመጽሔት ልትልኪ መሆኑ ነው። ተይ ልጄ። በአንድ ፍሪዘር አትተማመኚ።

እንደምኮራብሽ ታውቂያለሽ። 4000 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ እኛ ከምንሸከመው አየር 400 እጥፍ በሚሆን ግፊት የኖረን ፍጡር ማብቀል ቀላል አይደለም። ሌላው ባዶ ነው ብሎ የሚጥለውን ሳህን በ4 ዲግሪ ሳምንታት ጠብቀሽ፣ ያቺን የመርፌ ጫፍ የምታህል ፈዛዛ ቢጫ ነጥብ አየሽ።

ይሁንና ባክቴሪያዎች የሚለዩበት የ16ኤስ ጂኑ ከቅርብ ዘመዱ ጋር 98.9 በመቶ ይመሳሰላል ብለሽኝ ነበር። ከ98.7 ካለፈ በዚህ ብቻ አዲስ ዝርያ ነው አይባልም። ሙሉ ጂኖማቸውን፣ ማለትም ዲ.ኤን.ኤያቸውን በሙሉ፣ አነጻጽሪ። አማካይ ተመሳሳይነታቸው ከ95 በመቶ ከወረደ፣ በኮምፒውተር የሚሰላው የሁለቱ ዲ.ኤን.ኤ እርስ በርስ መጣመርም ከ70 በመቶ በታች ከሆነ፣ ያኔ አፍሽን ሞልተሽ ተናገሪ። የዘመዱንም ታይፕ ስትሬን፣ የዝርያው ስም የታሰረበትን ዋና ናሙና፣ አስመጪና ጎን ለጎን አብቅዪ፤ ማብቀያውና ሙቀቱ ከተለያየ የሴሎቻቸው ቅባት (የፋቲ አሲድ) ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ያቺን ጓደኛዬን ታስታውሻታለሽ፣ ልጅ ሳለሽ ፀጉርሽን ትሠራሽ የነበረችውን። እሷም አዲስ ዝርያ አግኝታ ነበር። ፎቶው፣ ሠንጠረዡ፣ ስሙ ሳይቀር አልቆ ነበር። በእረፍት ቀናት መብራት ጠፋ። ፍሪዘሩን ስንከፍት ቱቦዎቹ ውኃ ላይ ተንሳፍፈው፣ የጻፈችባቸው ቀለም ፈስሷል። ከእያንዳንዱ እየጨለፈች ዘራች፤ በየማለዳው ሳህኖቹን ወደ መስኮቱ እያነሳች ታያለች። አንድም አልበቀለ። ሕያው ናሙና የሌለው ስም አይጸናምና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ እስክትሞት ድረስ አላነሳችውም። አጠገቧ ከመቀመጥ በቀር ያደረግሁላት የለም፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ በአንድ ፍሪዘር አትተማመኚ። የባክቴሪያ ስያሜ ደንቡም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ታይፕ ስትሬኑ በሁለት አገር፣ በሁለት የባክቴሪያ ክምችት እንዲቀመጥ ያዛል። ለጀርመኑ ክምችት ለዲ.ኤስ.ኤም.ዜድ እና ለጃፓኑ ክምችት ለጄ.ሲ.ኤም አሁኑኑ ጻፊ፤ አብቅለው አረጋግጠው ማስረጃ እስኪሰጡሽ ጊዜ ይወስዳል። ቅጹ ላይ ሙቀቱን በጉልህ ጻፊ፣ ሞቃት ቦታ አስቀምጠው እንዳይገድሉብሽ። እስከዚያው ባክቴሪያውን ከበረዶ ጉዳት በሚጠብቀው በግሊሰሮል ያዘጋጀሻቸውን ቱቦዎች ከፍለሽ ሌላ ሕንፃ አስቀምጪ። ዛሬ፣ ነገ አትበዪ።

ስሙን በራስሽ እንዳትሰይሚው፤ ደንቡም አይመክርም። በእኔም አይሁን። የተገኘበትን ባሕር ስም ስጪው፤ ያምርበታል።

ለሳሉ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ አለቆችሽ ፈቃድ ካልሰጡሽ ንገሪኝ። እሁድ እደውላለሁ፤ ቱቦዎቹ የትና የት እንዳሉ ትነግሪኛለሽ።

እናትሽ