«ገጻችሁን በየቀኑ ቀይሩ» ለሚለው ምክር ከአንዲት ባና ሻጭ የተሰጠ መልስ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር ይድረሳችሁ። ባለፈው ወር በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ፣ ድረ ገጽ ያለን ነጋዴዎች ገጻችንን በየቀኑ ብንቀይር ጉግል እንደሚወደንና ከፊት እንደሚያሰልፈን የሚመክር ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፈው አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ያንኑ ምክር እኔ ከሁለት ዓመት በፊት በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ። ምን እንዳስከፈለኝ ስለማውቅ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሃያ ሁለት ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት ካገለገልኩ በኋላ ሥራዬን ትቼ የበርኖስና የባና፣ ማለትም የሱፍ ካባና የሱፍ ብርድ ልብስ፣ መሸጫ ከፈትኩ። ዕቃው የሚመጣልኝ ከመንዝ ነው፤ ገሚሱ ከመሐል ሜዳ፣ ገሚሱ ከሞላሌ። እናቴ ፈታይ ነበረች፤ በእኛ አገር ሱፉን ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። የእህቴ ልጅ ተማሪ ሳለ 38 ገጽ ያለው ድረ ገጽ ሠራልኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ማንም ሳይነካካው ቆየ፤ ገዢም ያመጣልኝ ነበር። ከሁሉ በላይ ሰው የሚያመጣው ዕቃ የሚሸጠው ገጽ አልነበረም። «በርኖስ እንዴት ይታጠባል» የሚለው ነበር። እናቴ የነገረችኝን እንዳለ ጽፌበታለሁ፦ ሱፍ ሙቅ ውኃ ካገኘው ይኮማተራል፣ አይታሽም፣ አይጠመዘዝም፣ ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ እንዶድ ያለው ሰው በእንዶድ ቢያጥበው ይሻላል። ካባቱ የወረሰው በርኖስ ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ የጠጣበት ሰው ይህን ፈልጎ ይመጣና፣ አንዳንዱ ለልጁ አዲስ ያዛል።

በዚህ መሐል ነው አንድ «ባለሙያ» የመጣው። ስሙን አልጠራም። «እትዬ፣ ገጽዎ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ጉግል የሚንቀሳቀስ ነገር ይወዳል» አለኝ። አመንኩት። ጠዋት ጠዋት ቡና እስኪፈላ ድረስ የፊተኛውን ገጽ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እቀይራለሁ፣ ከላይ ያለውን ቀን የዛሬ አደርገዋለሁ። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አላስታጎልኩም፤ ለጸሎት እንኳ ያን ያህል አልተጋሁም። የመጣ ለውጥ የለም። ጎብኚ አልጨመረም፣ ቦታዬም አልተሻሻለም።

ለምን እንደሆነ የገባኝ የእህቴ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ ነገሩን ከሥሩ ሲያስረዳኝ ነው። ሰው ጉግል ላይ ሲጠይቅ ጉግል በዚያች ቅጽበት ዓለምን ዞሮ አይፈልግም። ጉግልቦት የሚባለው ፕሮግራም አስቀድሞ ከገጽ ወደ ገጽ እየዞረ ቅጂ ይወስዳል፤ ከቅጂውም በመጽሐፍ መጨረሻ እንደምናየው ዓይነት የቃላት ማውጫ ይሠራል፤ «በርኖስ» የሚለው ቃል በእነዚህ ገጾች አለ፣ «እንዶድ» በእነዚህ አለ እያለ። ጠያቂው የሚያገኘው መልስ ከዚያ ማውጫ ነው። እንግዲህ ገጽ ሲቀየር ሁለት ነገር ይከተላል። ፕሮግራሙ ዳግመኛ እስኪመጣ ድረስ ማውጫው የድሮውን ይናገራል። ሲመጣ ደግሞ የሚመዘግበው የገጹን ይዘት እንጂ የእኔን ትጋት አይደለም።

የቀኑ ጉዳይማ ያሳፍራል። ድረ ገጾች ለፍለጋ ፕሮግራሞች የሚያቀርቡት ሳይትማፕ የሚባል የገጾች ዝርዝር አለ፤ እያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ የተሻሻለበት ቀን ይጻፍበታል። ጉግል ራሱ እንደሚለው ያንን ቀን የሚጠቀምበት እውነተኛነቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ባለሙያው የ38ቱንም ገጾች ቀን በየሌሊቱ የሚቀይር ነገር አስገብቶልኝ ነበር። ፕሮግራሙ መጥቶ ሲያይ 37ቱ እንዳሉ ናቸው። ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ ብያችኋለሁ። ደረሰኝ ላይ ቀን የሚቀይር ሰው አንዴ ከተያዘ ሌላው ደረሰኙም አይታመንለትም።

«በየቀኑ ቀይሩ» የሚለው ወሬ መነሻ አለው። እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ የጉግል ዋናው ማውጫ የሚታደሰው በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ነበር። በዚያ ዓመት ካፌይን የተባለ አዲስ አሠራር መጥቶ ማውጫው ያለማቋረጥ የሚታደስ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጉግል ለአዳዲስ ይዘት ቅድሚያ የሚሰጥ ማሻሻያ ማድረጉንና ለውጡ ከፍለጋዎች 35 በመቶ ያህሉን እንደሚነካ አስታወቀ። ሰው ሁሉ ይህን ሰምቶ ገጹን መነካካት ጀመረ። ማሻሻያው ግን የሚመለከተው ትኩስነት የሚጠይቀውን ጥያቄ ነው፦ የትናንቱን ጨዋታ ውጤት፣ የምርጫ ዜና፣ በየዓመቱ የሚደገም ጉባኤ። በርኖስ የሚታጠብበት መንገድ ከቅድመ አያቴ ወዲህ አልተለወጠም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጁ ሲነግረኝ ስቄአለሁ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎቹ ጁንግሁ ቾና ሄክተር ጋርሲያ ሞሊና በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ270 ድረ ገጾች የተሰበሰቡ 720,000 ገጾችን ለአራት ወር በየቀኑ ተከታትለዋል። በዶት ኮም አድራሻ ካሉት ከ40 በመቶ የሚበልጡት በየቀኑ ይቀየሩ ነበር። ታዲያ በኋላ በሒሳብ ሲያሰሉት፣ ከመጠን በላይ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርን ገጽ መከታተል ለፍለጋ ፕሮግራም ኪሳራ ሆኖ ተገኘ፤ ቅጂው ወዲያው ስለሚያረጅ፣ ያንን ጊዜ ረጋ ብለው ለሚቀየሩት ማዋል ይሻላል። የዛሬው ጉግል በዚያው ቀመር ይሠራል አልልም። ነገሩ ግን እንግዳ አልሆነብኝም። በየሰዓቱ ዋጋ የሚቀይር ሻጭ ዘንድ ሁለተኛ ተመልሶ የሚሄድ ማን አለ?

እስካሁን ያልኩት የከንቱ ድካም ታሪክ ነው። ጉዳት የደረሰብኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለውጥ አልመጣ ሲል ባለሙያው «እንግዲያው ከሥሩ እናድሰው» አለኝ። ገጾቹን ሁሉ አዲስ አድራሻ ሰጣቸው፤ የድሮዎቹ ላይ የገባ ሰው «404» የሚል ባዶ ገጽ ብቻ ያገኛል። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያሻግር፣ በቁጥር 301 የሚባለው ቋሚ ማመላከቻ ነበረ፤ አላስቀመጠም። ሱቅ ስትቀይሩ በድሮው በር ላይ «ወደ እዚህ ተዛውረናል» የሚል ወረቀት ሳትለጥፉ እንደመሄድ ነው። ሌሎች ሰዎች በየገጻቸው ወደ እኔ ያደረጓቸው ማስፈንጠሪያዎች ሁሉ ገደል ገቡ።

የእጥበቱንም ገጽ «አሻሻለው»። የእናቴን ቃል አውጥቶ «ምርጥ በርኖስ፣ ጥራት ያለው በርኖስ፣ የበርኖስ ዋጋ» የሚል ድርድር አስገባ። «እጥበት» የለ፣ «እንዶድ» የለ፣ «ይኮማተራል» የለ። ለማውጫው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቃሉ ከገጹ ሲወጣ ገጹም ከዚያ ቃል ረድፍ ይወጣል። በርኖስ ሊያጥብ የሚፈልግ ሰው እኔን የሚያገኝበት መንገድ ተዘጋ። ጉግል ቀጣኝ ብዬ አማርር ነበር፤ ማንም አልቀጣኝም። ሲጠየቅ የነበረውን ጥያቄ የምመልሰውን መልስ ራሴ አጥፍቼዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ነው አንድ ጋሼ የመጡት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ጫጫን አልፈው፣ በነሐሴ ዝናብ ለልጃቸው ሠርግ ሦስት ባና ሊገዙ መጡ። ዋጋውን ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ስልካቸውን አውጥተው ጉግል ላይ ከሱቄ ስም ሥር 2,800 ብር የሚለውን አሳዩኝ። እኔ ዋጋውን 3,600 ካደረግሁት አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፤ ገጹን ከፍተው ቢያዩት አዲሱን ያገኙ ነበር። እሳቸው ያዩት ከማውጫው የመጣችውን አጭር ቅንጫቢ ነው። «ልጄ፣ በጽሑፍ አስቀምጠሽ ትክጃለሽ?» አሉኝ። ቀድሞ ጉግል የያዘውን የገጽ ቅጂ ከፍቶ ማየት ይቻል ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ያንን አገልግሎት አንስቶታል፤ ስለዚህ ቅጂው የየትኛው ቀን እንደሆነ ላሳያቸው አልቻልኩም። ሦስቱንም በ2,800 ሸጥኩላቸው። የሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ትምህርት ነው፤ አልቆጨኝም። በሻይ ተሸኙ።

ከዚያ ወዲህ የዋጋው ገጽ ለብቻው ነው፣ አድራሻውም አይነካም። ዋጋ ስቀይር ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጉግል መሣሪያ ገብቼ ገጹ እንደገና እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ጉግልም ከጥቂት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ሊወስድ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ ከዋጋው አጠገብ የተጻፈበትን ቀን አስቀምጣለሁ።

ቀን ስል፣ ይህን ለእኛ አገር ሰው ማንም አይነግረውም። ዋጋውን «ጥር 15 ቀን 2017» ብዬ ጽፌ ነበር። በፈረንጅ ጃንዋሪ 23 ቀን 2025 ነው። ማሽን 2017ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ካነበበው ግን፣ ያን ጠዋት የጻፍኩት ዋጋ ስምንት ዓመት ያረጀ ይሆናል። ለሰው በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፤ ለማሽን በሚነገረው በውስጠኛው መረጃ ላይ ግን የፈረንጁን ቀን አስገቡ፤ ደንቡም የሚቀበለው እሱን ነው። ፊደልም እንዲሁ ነው። «ብርሃን»ና «ብርሀን» ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት። ባለሙያው በአንድ ምሽት ሐመሩን ሐና ሃሌታውን ሀ እያፈራረቀ ገጾቼን ሲያዥጎረጉራቸው አንዱን ቃል በሁለት ረድፍ ከፋፈለው።

በፎቶግራፍ ማስታወቂያ የሚለጥፉትንም ሳላነሳ አላልፍም። እዚሁ አካባቢያችን አንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ማስታወቂያውን ማኅተም ያለበትን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ያወጣል፤ በሳምንቱ በዚያው ገጽ ሌላ ፎቶ ይተካበታል። ፍለጋ ላይ የሚገኝ ጽሑፍ የለውም፣ ያለፈውም ተመልሶ አይታይም። ለምን ሰው አልተወዳደረም ብለው ይደነቃሉ።

የእህቴ ልጅ የድሮዎቹን አድራሻዎች አንድ በአንድ ወደ አዲሶቹ አመላከታቸው። የእናቴን ቃል ወደ ቦታው መለሰ። እኔም አንድ እውነተኛ ነገር ጨመርኩበት፦ ሰዎች ስልክ እየደወሉ የሚጠይቁኝን፣ ብል የበላውን በርኖስ እንዴት እንደሚጠግኑት። ጎብኚዎቹ የተመለሱት ግን ሰባት ወር ያህል ወስዶ፣ ጠብ ጠብ እያለ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ያ ዓምድ በድረ ገጻችሁም ላይ አለ። ባለፈው ሐሙስ ተመልሼ ሳየው አንድ አንቀጽ ጠፍቷል፣ ርዕሱም ተቀይሯል፤ መቀየሩን የሚገልጽ ግን አንድም መስመር የለም። ጉግል ላይ እስከ ዛሬ ጠዋት የሚታየው የድሮው ርዕስ ነው። ምናልባት ሌላ አንባቢ ቀድሞኝ ጽፎላችሁ ይሆናል። በሒሳብ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከላይ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል፤ ኋላ የሚመጣ መርማሪ ሁለቱንም ማንበብ አለበት። ስለዚህ ጽሑፉን አታንሱት፤ አድራሻውንም አትቀይሩት፤ የእኔ የእህት ልጅ ጭምር ለጓደኞቹ ልኮታል። የታረመው ምን እንደሆነ ከግርጌው ይጻፍበት፣ የታረመበት ቀንም ይኑር፤ ብትችሉ በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር።

አክባሪያችሁ
የባና ሻጯ፣ ከደብረ ብርሃን