እናታችንን በሐይቁ ልትወስዱልን ነበር የተዋዋልነው

ለቀብር አስፈጻሚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። የእናታችንን ቀብር እንድታስፈጽሙልን ቢሯችሁ መጥተን የተዋዋልን ቤተሰቦች ነን። ቅሬታችንን በስልክ ለሠራተኞቻችሁ ነግረናል። «ለኃላፊ እናሳውቃለን» ከማለት ያለፈ መልስ ስላላገኘን በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

እናቴ የዘጌ ልጅ ናት። ዘጌ ላይ ከአቡነ በትረ ማርያም ጊዜ ጀምሮ በሬ ተጠምዶ አይታረስም ይባላል፤ ሰዉ የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። እሷም በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ቡናና ጌሾ በታንኳ ጭና ባሕር ዳር ገበያ ትመጣ ነበር፤ ኋላም እዚሁ አግብታ እኛን ወለደች። ሕመሙ ሲጠናባት ሰብስባን «በመጣሁበት ውሃ መልሱኝ» አለችን። ሳጥኑ ተራ እንጨት ይሁን፣ የሚያብለጨልጭ ነገር አይለጠፍበት አለች። ድምፅ ማጉያ አታምጡብኝ፣ ዳዊቱን ካህናቱ ይድገሙልኝ፤ ከወደቡ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባለው የጫካ መንገድም ወንድሞቼና ልጆቻቸው ይሸከሙኝ አለች። ይኸው ነው። ውድ ነገር አልጠየቀችም።

ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ንፍሮውን እድራችን ችሎታል፤ እግዜር ይስጣቸው። ጀልባና ሳጥን ግን እድር ስለማያቀርብ እናንተ ጋ መጣን። «ሙሉ ፓኬጅ አለን፣ እናንተ ልቅሷችሁ ላይ ብቻ ሁኑ» አላችሁን። እኛም የእናታችንን ቃል አንድ በአንድ ውሉ ላይ አስጽፈን ቀብድ ከፈልን።

ጠዋት 1 ሰዓት እንድትደርሱ አጥብቀን የነገርናችሁ በምክንያት ነው። ጣና ጠዋት ይረጋል፣ ቀኑ ሲገፋ ነፋሱ ይነሳል። በሞተር ጀልባ ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ በጊዜ ብንነሳ ችግር አልነበረም። እናንተ የመጣችሁት ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጀልባ ነጂው ማዕበሉን አይቶ «ሬሳና ይህን ሁሉ ሰው ይዤ አልገባም» አለ። እሱን አልወቅስም፤ ልክ ነው። ጥፋቱ የእናንተ መዘግየት ነው። እኛ ገና ምን ይሻላል ብለን ሳንመካከር ሠራተኞቻችሁ ሳጥኑን መኪና ላይ ጫኑት። ሳጥኑም ያዘዝነው አይደለም፤ ወርቅማ ጌጥና የላስቲክ አበባ የተለጠፈበት ነው። መኪናው ደግሞ የተቀዳ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ለቆ ተነሳ። ዝጉልን ብለን ለመንን። ሾፌሩ «የፓኬጁ አካል ነው» አለን።

ዘጌ ያሉት ዘመዶቻችን ከጠዋት ጀምሮ ወደቡ ላይ ቆመው ነበር። ካህናቱ መስቀልና ጥላ ይዘው፣ አክስቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እህታቸው በውሃው ስትመጣ ሊቀበሏት ሐይቅ ሐይቁን ያያሉ። እሷ በየብስ፣ በከተማው በኩል ገባች። እነዚያ አሮጊቶች ወሬውን ሲሰሙ በጫካው እየተደናቀፉ ሮጡ፤ ታላቂቱ አክስቴ የደረሰችው መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እህቷን ወደብ ላይ አለመቀበሏ ዛሬም ያስለቅሳታል። ይህን በምን ትክሱላታላችሁ?

ተሸካሚዎቹም የእናንተ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ሆኑ። አጎቴ ትከሻውን ሊያስገባ ሲል «ፋዘር ዞር በሉ» ተባለ። እንደምታውቁት በመንገድ ላይ ሰባት ጊዜ እየቆሙ ፍትሐት ማድረስ የኖረ ሥርዓት ነው። የእናንተው አስተባባሪ ግን ሌላ ቀብር አለብን እያለ ካህናቱን አጣደፈ፤ ምዕራፎቹም ሳይሟሉ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ቄስን በፍትሐት መሐል ቶሎ በሉ ማለት ማን አስተማራችሁ?

ከዚህ ሁሉ የባሰው ቪዲዮው ነው። ቀረጻ አላዘዝንም። እህቴ ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ ቀርጻችሁ፣ ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ቲክቶክ ላይ ማስታወቂያ አደረጋችሁት። እህቴ ያየችው የሥራ ባልደረባዋ ልኮላት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቢሮ መግባት ከብዷታል።

ስለዚህ ቪዲዮው ዛሬውኑ ይጥፋ፣ ዋናው ቅጂም ለእኛ ይሰጠን። ያልሄደችውን ጀልባ ዋጋና ያላዘዝነውን ሳጥን ልዩነት መልሱ። ከድርጅታችሁ ኃላፊ የሆነ ሰው ዘጌ ሄዶ አክስቶቼንና አጎቴን፣ ካህናቱንም ጭምር ይቅርታ ይጠይቅ፤ በስልክ አይሆንም። ከእንግዲህም ሠራተኞቻችሁ ከመነሳታቸው በፊት ውሉን ለቤተሰቡ ያንብቡ። ሾፌራችሁ የእኛን ውል አይቶት እንደማያውቅ ራሱ ነግሮኛል።

መልሳችሁን ከእናታችን 40 በፊት እጠብቃለሁ። ካልሆነ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ውሉንና ደረሰኙን ይዤ ለንግድ ቢሮ አመለክታለሁ። ኮፒው እጄ ላይ ነው።

የሟች ልጅ